ቤት አከራይ ከሆናችሁ ታክሳችሁን ማን ይሥራላችሁ?

እዚህ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ አካባቢ ያለን ሰዎች አከራይ የምንሆነው ብዙ ጊዜ አስበንበት አይደለም። መጀመሪያ ታውንሃውስ እንገዛለን። ልጆች ሲመጡ ይጠበናል። ሰፋ ያለ ቤት እንገዛና የድሮውን "ለምን ይሸጣል፣ ይከራይ" እንላለን። ወይ ቤዝመንቱን አሳድሰን ለአንድ ሰው እንሰጣለን። ወይ አዲስ አበባ ያለችን ኮንዶሚኒየም በወንድማችን በኩል ትከራያለች። ታክሱን ግን ድሮ ደመወዝ ብቻ እያለን ይሠራልን ለነበረው ሰው ይዘን እንሄዳለን።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። በፈረንጆቹ 2012 የገዛሁትን ታውንሃውስ ለቅቄ ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ አከራየሁት። ታክሴን የሚሠራልኝ ሰው ጨዋ ሰው ነበር። ቶሎ ይጨርስልኛል፣ ክፍያውም ቀላል ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ኪራዩን ጻፈ፣ የሞርጌጅ ወለዱን፣ የቤት ግብሩንና ኢንሹራንሱን ቀነሰ። በቃ ይህ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ዓመት እሱ ሥራውን ሲያቆም ወደ ሌላ ባለሙያ ሄድኩ። ልጅቷ የድሮ ወረቀቶቼን ገለጥ ገለጥ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ፣ ዲፕሪሲዬሽኑ የታለ?"

"ምኑ?"

"የቤቱ የእርጅና ቅናሽ ነዋ። ቤቱ በየዓመቱ እንዳረጀ ተቆጥሮ ከኪራዩ ላይ የሚቀነስ አለ። አንድም ዓመት አልተቀነሰልዎትም።"

ቤቱን ስገዛ የፈረምኩትን የክሎዚንግ ወረቀቴንና የካውንቲውን የግምት ደብዳቤ ጠየቀችኝ። ቤቱን የገዛሁት በ330,000 ዶላር ነው። መሬት ስለማያረጅ የመሬቱ ድርሻ ይወጣል። በካውንቲው ግምት መሬቱ ሩቡን ይይዛል፣ 82,500 ማለት ነው። የቀረው 247,500 የሕንፃው ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ የመኖሪያ ኪራይ ቤት ደግሞ ለ27.5 ዓመት ይካፈላል። በወረቀቱ ጥግ ላይ በእርሳስ አካፍላ አሳየችኝ። 9,000 ዶላር። በየዓመቱ።

የዓመት ኪራዬ 28,800 ነበር። ወጪው ወደ 17,000 ይጠጋል። እኔ በቀረው 11,800 ላይ ታክስ ስከፍል ኖሬያለሁ። መክፈል የነበረብኝ በ2,800 ላይ ነበር። ያናደደኝ ግን ይህ ብቻ አይደለም። ቤቱ ሲሸጥ የፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ያንን ቅናሽ ወሰድነውም አልወሰድነውም እንደወሰድነው አድርጎ ይቆጥረዋል፣ እስከ 25 በመቶም ታክስ ያስከፍልበታል። ሳልወስድ ወሰድክ እባላለሁ ማለት ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ከተማ ቤት የሚያከራይ ሐበሻ ብዙ ነው። ስንቱ እንደኔ እየከፈለ እንዳለ ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ለአከራይ ጥሩ አካውንታንት የሚለየው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ስለ ቤታችሁ ምንም ሳይጠይቅ ታክሳችሁን የሚጨርስ ሰው አንድ ነገር እየዘለለ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ጉዳይ እወቁ

አካውንታንት ከመፈለጋችሁ በፊት ምን ዓይነት አከራይ እንደሆናችሁ ለራሳችሁ ተናገሩ። ለአንዱ በቂ የሆነ ባለሙያ ለሌላው ላይበቃ ይችላል።

ስትኖሩበት የነበረውን ቤት ለቅቃችሁ ያከራያችሁ ከሆነ ሰዓት እየቆጠረባችሁ ነው። ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከኖራችሁበት ከትርፉ ላይ ላላገባ ሰው እስከ 250,000፣ አብረው ፋይል ለሚያደርጉ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ያለ ታክስ ይታለፋል፤ የእርጅና ቅናሹ ድርሻ ብቻ አይታለፍም። በቀላሉ ስናሰላው ከወጣችሁ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ አላችሁ። ጥሩ አካውንታንት "መቼ ለቀቃችሁ?" ብሎ ይጠይቅና ቀኑን ይነግራችኋል። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ያ ጊዜ እንዳለፈ ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

ቤዝመንት የምታከራዩ ከሆነ ወጪው ይከፈላል። ቤቱ 2,400 ካሬ ፊት ሆኖ ቤዝመንቱ 600 ከሆነ ከመብራቱ፣ ከኢንሹራንሱ፣ ከወለዱ ሩቡ ወደ ኪራዩ ይሄዳል። የተቀረው የግላችሁ ነው። የቤዝመንቱን ሽንት ቤት ብቻ ካስጠገናችሁ ግን ያ ሙሉ በሙሉ የኪራይ ወጪ ነው። ይህን የማይለይ ሰው ወይ ያጎድልባችኋል፣ ወይ የማይገባ ነገር ቀንሶ ጣጣ ውስጥ ይከታችኋል።

ለዘመድ በቅናሽ የምታከራዩስ? ይህ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው። የአክስት ልጅ ከአገር ቤት ይመጣል፣ "ግማሹን ክፈል" እንለዋለን። ደግ ነገር ነው። በታክስ በኩል ግን ከገበያ ዋጋ በታች ያከራያችሁባቸው ቀናት እናንተ ራሳችሁ እንደኖራችሁበት ይቆጠራሉ። ኪራዩ ገቢ ይሆናል፣ ወጪውን ግን እንደልብ መቀነስ አይቻልም። ይህን ለአካውንታንታችሁ ሳትነግሩ አትለፉ።

ቤቱ ያለው ዲሲ ውስጥ ከሆነ፣ እናንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ብትኖሩም፣ ዓመታዊ ኪራዩ ከ12,000 ዶላር ካለፈ ዲሲ የራሱን ዲ-30 የሚባል ፎርም ይፈልጋል። ትንሹ ክፍያው 250 ዶላር ነው። በወር 1,000 ዶላር የሚያልፍ ኪራይ የሌለው የዲሲ ቤት የት አለ? ያም ሆኖ ይህን ፎርም ሰምቶ የማያውቅ ታክስ ሠሪ ገጥሞኛል።

ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር ኤልኤልሲ የሚባለውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት አቋቁማችሁ ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ብቻችሁን የያዛችሁት ኤልኤልሲ በተለምዶ በግል ታክሳችሁ ውስጥ የኪራይ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቅጽ፣ በስኬጁል ኢ፣ ይገባል። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ግን የሽርክና ታክስ የሚሞላበት ፎርም 1065 ያስፈልጋል፣ ቀኑም ማርች 15 ነው። ኤፕሪል ድረስ ከጠበቃችሁ ቅጣት አለው።

አዲስ አበባ ያለው ቤት

ይህን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ገቢው ከየትም አገር ቢመጣ እዚህ ያሳውቃል። የኮንዶሚኒየሟ ኪራይ እናታችን እጅ ቢገባም፣ ብሩ ከኢትዮጵያ ባይወጣም፣ ቤቱ የእናንተ ከሆነ ገቢው የእናንተ ነው። "እዚያ ግብር ተከፍሎበታል" ማለት እዚህ ከማሳወቅ አያድንም። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ታክስ ስምምነት የለም። ያለው መፍትሔ እዚያ የከፈላችሁትን የኪራይ ገቢ ግብር በፎርም 1116 እዚህ ካለው ታክስ ላይ ማስቀነስ ነው። ለዚያ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ቤቱን የሚያስተዳድርላችሁ ሰው ግብር በከፈለ ቁጥር ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። በዓመቱ መጨረሻ ላይ አንድ ላይ አምጣ ብትሉት ግማሹ ይጠፋል።

የእርጅና ቅናሹም የተለየ ነው። ውጭ አገር ያለ መኖሪያ ቤት በ27.5 ሳይሆን፣ ከ2018 ወዲህ የተከራየ ከሆነ በ30 ዓመት፣ ከዚያ በፊት ከሆነ በ40 ዓመት ይካፈላል። አካውንታንቱ "ያው እንደዚህኛው ቤት ነው" ካለ አያውቀውም።

ምንዛሪም አለ። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው እጅግ ተለውጧል። የጃንዋሪው ኪራይና የዲሴምበሩ ኪራይ በብር እኩል ቢሆኑም በዶላር እኩል አይደሉም። ስለዚህ "በየትኛው ምንዛሪ ነው የምታሰላው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ግልጽ ይሁን፣ በየዓመቱም አይቀያየር።

የመጨረሻው የባንክ ሂሳብ ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያሏችሁ ሂሳቦች በሙሉ ሲደመሩ በዓመቱ ውስጥ በአንድ ቀን እንኳን ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባለውን ሪፖርት ለብቻው ማስገባት ግዴታ ነው። ታክስ የለውም፣ ማሳወቅ ብቻ ነው። ባለማሳወቅ የሚመጣው ቅጣት ግን ከባድ ነው። ቤቱ ራሱ በዚህ ሪፖርት ውስጥ አይገባም፤ ኪራዩ የሚጠራቀምበት ሂሳብ ነው የሚገባው። አካውንታንታችሁ "ውጭ አገር የባንክ ሂሳብ አላችሁ?" ብሎ በየዓመቱ ካልጠየቀ፣ ሐበሻ ደንበኛ ቢበዛለትም ለእናንተ አይሆንም።

መቼ ትፈልጋላችሁ?

ማርች ውስጥ አትፈልጉ። በዚያን ጊዜ ጥሩ ባለሙያ ሁሉ እስከ አንገቱ ሥራ ውስጥ ነው። የተገኘው ሁሉ ላይ ትወድቃላችሁ። ከሜይ መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ደውሉ። ያኔ ቁጭ ብሎ ያወራችኋል፣ የድሮ ታክሳችሁንም ያይላችኋል። ዘግይታችሁ ከሆነ ደግሞ አትሯሯጡ። እስከ ኤፕሪል 15 ማራዘሚያ ጠይቁ፣ እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ታገኛላችሁ። የሚራዘመው ግን ወረቀቱ እንጂ ክፍያው አይደለም። ዕዳ አለብን ብላችሁ የምትገምቱትን ገንዘብ በኤፕሪል ክፈሉ።

ማን ማን ነው?

ታክስ ቤት ከፍቶ የተቀመጠ ሁሉ አካውንታንት አይደለም። በክፍያ ታክስ የሚሠራ ሰው ሁሉ ፒቲን የሚባል ቁጥር ከአይአርኤስ ማግኘት አለበት። ፒ በሚለው ፊደል ይጀምርና ስምንት አሃዝ ይከተለዋል። ይህ ግን ምዝገባ ነው እንጂ የችሎታ ማስረጃ አይደለም።

ከዚያ በላይ ሦስት ዓይነት ሰዎች አሉ። ሲፒኤ፣ በስቴቱ ፈቃድ የተሰጠው የሂሳብ ባለሙያ ነው። ኢንሮልድ ኤጀንት፣ በራሱ በአይአርኤስ ፈቃድ የተሰጠው የታክስ ባለሙያ ነው፤ ብዙዎቹ ሦስት ክፍል ያለው ፈተና አልፈው ነው የሚያገኙት። ሦስተኛው ጠበቃ ነው። አይአርኤስ ደብዳቤ ቢልክባችሁ፣ ኦዲት ቢመጣ፣ በእናንተ ፈንታ በማንኛውም ጉዳይ ቆመው መከራከር የሚችሉት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ፒቲን ብቻ ያለው ሰው ያን ቀን ብቻችሁን ይተዋችኋል። ሊረዳችሁ ቢፈልግ እንኳን አይፈቀድለትም።

አንድ ወይም ሁለት ቤት ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ኢንሮልድ ኤጀንት ነው። ቀን ከሌት ታክስ ነው የሚሠሩት፣ ክፍያቸውም ብዙ ጊዜ ከሲፒኤ ቢሮ ይቀንሳል። የሰውየውን ስም አይአርኤስ ድረ ገጽ ላይ ባለው የታክስ ሠሪዎች ማውጫ ውስጥ ፈልጉት። የሲፒኤን ፈቃድ ደግሞ በስቴቱ የአካውንታንሲ ቦርድ አጣሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲፒኤ፣ ኢንሮልድ ኤጀንት ወይም ጠበቃ ያልሆነ ታክስ ሠሪ በስቴቱ መመዝገብ አለበት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ አይታችሁ እመኑ።

ሰው የምትጠይቁት የት ነው?

እድር ላይ "ጥሩ ታክስ ሠሪ ማን ነው?" ብትሉ አሥር ስም ይመጣላችኋል። ጥያቄውን ቀይሩት። "ቤት የምታከራዩ፣ ታክስ የምታሠሩት የት ነው?" በሉ። ደመወዝ ብቻ ያለው ሰው "በጣም ጎበዝ ነው፣ ብዙ ሪፈንድ አመጣልኝ" ሲል እውነቱን ነው፣ ለእናንተ ግን ምንም አይነግራችሁም። ቤቱን ያሻሻጣችሁን ሰው፣ ክሎዚንግ ያደረገላችሁን ቢሮ ጠይቁ።

አማርኛ መናገሩ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባውን ደረሰኝ ማንበብ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ጉዳያቸውን በራሳቸው ቋንቋ ሲያስረዱ ነጻነት ይሰማቸዋል። ነገር ግን ቋንቋ ፈቃድ አይሆንም። ሁለቱም ካለው ይዛችሁት ቆዩ።

"የቤቴን ገመና ለምናውቀው ሰው እንዴት ልስጥ" የሚሉ አሉ። ስጋቱ ይገባኛል። ታክስ ሠሪ የደንበኛውን መረጃ ያለ ፈቃዱ ለሌላ ቢያወራ በፌዴራል ሕግ ይጠየቃል። ስታናግሩት ስለሌላ ሰው ቤት ያወራላችሁ እንደሆነ ግን ነገ ስለእናንተም ያወራልና ተነሱና ውጡ።

ስታናግሩት

ቢያንስ ሁለት ሰው አናግሩ። የባለፈውን ዓመት ታክሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያ መጀመሪያ እሱ ይጠይቃችሁ፣ እናንተ ጠብቁ። ቤቱን መቼ እንደገዛችሁት፣ በስንት፣ መቼ ማከራየት እንደጀመራችሁ፣ ማን እንደሚኖርበት፣ የእርጅና ቅናሹ ሰንጠረዥ የት እንዳለ ከጠየቀ ደህና ቦታ መጥታችኋል።

ካልጠየቀ እናንተ ጠይቁ። "የቤቱን መሬትና ሕንፃ እንዴት ነው የምትለየው?" በሉ። የካውንቲውን ግምት ወይም የገማች ሪፖርት ከጠቀሰ ጥሩ። "ጣሪያ ባስቀይርስ?" በሉ። አዲስ ጣሪያ ማሻሻያ ስለሆነ በብዙ ዓመት ይካፈላል። የሚያፈስ ጣሪያ መድፈን ግን ጥገና ስለሆነ በዚያው ዓመት ይቀነሳል። "2,000 ዶላር የገዛሁት ፍሪጅስ?" በሉ። 2,500 እና ከዚያ በታች የሆነ ዕቃ በየዓመቱ በሚደረግ ምርጫ በአንድ ጊዜ ሊቀነስ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ቀጥሎ ስለ ኪሳራ ጠይቁ። ኪራዩ በወረቀት ኪሳራ ካሳየ፣ ቤቱን በማስተዳደር እስከተሳተፋችሁ ድረስ እስከ 25,000 ዶላር ከደመወዛችሁ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ገቢያችሁ ከ100,000 ሲያልፍ ይህ መብት እየቀነሰ ይሄድና 150,000 ላይ ያበቃል። ያልተጠቀማችሁበት ኪሳራ ግን አይጠፋም፣ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል። ይህን በአንድ ትንፋሽ የሚያስረዳ ሰው አከራይ ደንበኞች እንዳሉት ታውቃላችሁ።

በመጨረሻ "ያለፈው ሰው ዲፕሪሲዬሽን ረስቶ ቢሆንስ?" በሉ። አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ያንን ዓመት በማሻሻያ ፎርም ማረም ይቻላል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ መንገዱ የሂሳብ አሠራር ለውጥ የሚጠየቅበት ፎርም 3115 ነው። ለእኔ የተደረገው ይህ ነው። የአራቱ ዓመት ቅናሽ፣ ወደ 36,000 የሚጠጋው፣ በአንድ ዓመት ታክስ ውስጥ ገባ። ከዚያ ዓመት ትርፍ ጋር ሲቀናነስ ኪሳራው ወደ 33,200 ሆነ። 25,000ውን ያኔውኑ ተጠቀምኩበት፣ ወደ 8,200 የሚጠጋው ተሻገረ። ከ3115 ጋር ተዋውቆ የማያውቅ ሰው "ያለፈው አለፈ" ይላችኋል። አላለፈም።

ክፍያው

ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቄ ነበር። አንዱ 180 ዶላር አለኝ። አንድ ትልቅ ቢሮ 1,200 አለኝ። ልጅቷ ለፌዴራል፣ ለሜሪላንድና ለአንድ ኪራይ ቤት 550፣ ለፎርም 3115 ለብቻው 600 አለችኝ። በአንድ ጊዜ 1,150 ማውጣት ከበደኝ። ሆኖም የ180ው ሰው ስለ ቤቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። የትልቁ ቢሮ ዋጋ ደግሞ ብዙ ቤት ላለው እንጂ አንድ ቤት ላለው ሰው አይመጥንም። እሷን መረጥኩ።

የአከፋፈል ዓይነቶቹ ጥቂት ናቸው። አንዳንዱ በፎርም ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ቁርጥ ዋጋ ይነግራችኋል፣ አንዳንዱ በሰዓት ይሠራል። ለእኛ ቁርጡ ይሻላል። በሰዓት ከሆነ የክፍያውን ጣሪያ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ቁርጡ ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት ቤት፣ የትኞቹ ስቴቶች፣ ኤፍባር አለበት ወይስ ለብቻው ነው፣ በዓመቱ መሃል ደውዬ ብጠይቅ ይቆጠርብኛል ወይ፣ ደብዳቤ ቢመጣ የሚመልሰው ማን ነው።

በሪፈንዱ መቶኛ ከሚያስከፍል ሰው ራቁ። አይአርኤስ ራሱ ያስጠነቅቃል። ክፍያው ከሪፈንዱ ጋር ከታሰረ ሪፈንዱን ለማሳበጥ ይፈተናል። ያልነዳችሁትን ማይል፣ ያላደረጋችሁትን ጥገና ይጽፍላችኋል። ኦዲት ሲመጣ ግን የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፣ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ። ሪፈንዱ ወደ እሱ የባንክ ሂሳብ ይግባ የሚል ካለ ጨርሶ አትነካኩት። እንደ ሠሪ ስሙንና ፒቲኑን አልፈርምም የሚል፣ "ራስህ እንደሠራኸው እናድርገው" የሚልም እንዲሁ።

ክፍያው ራሱ ወጪ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። አካውንታንቱ ለኪራይ ቤታችሁ የሠራበት ድርሻ በስኬጁል ኢ ላይ በሕግና በሙያ አገልግሎት መስመር ይቀነሳል። ለግል ታክሳችሁ የሠራበት ግን አይቀነስም። ስለዚህ "ሂሳቡን ለሁለት ከፍለህ ጻፍልኝ፣ የኪራዩ ለብቻው፣ የግሌ ለብቻው" በሉት። ደረሰኝ ተቀበሉ። በቼክ ወይም በካርድ ክፈሉ። ጥሬ ገንዘብ እጅ ለእጅ ከሰጣችሁ ማስረጃ የላችሁም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወንድም ከሆነ "ተወው፣ አልቀበልም" ሊላችሁ ይችላል። በግድ ክፈሉት። ያልተከፈለው ሰው ስህተቱን ደፍራችሁ ልትነግሩት አትችሉም፣ ሥራችሁም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሆናል።

ወረቀታችሁን አዘጋጅታችሁ ሂዱ

በከረጢት ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ሰው ደረሰኙን ለሚደረድርለትም ይከፍላል። ለኪራዩ የተለየ የባንክ ሂሳብ ክፈቱ። ኪራይ እዚያ ይግባ፣ ወጪው ከዚያ ይውጣ። ይህ ብቻ ግማሽ ሥራ ነው። የተከራዩን ዲፖዚት ከኪራዩ ጋር አትደባልቁ፣ የምትመልሱት እስከሆነ ድረስ ገቢ አይደለም። የሞርጌጁ ወርሃዊ ክፍያ በሙሉ አይቀነስም፣ ወለዱ ብቻ ነው የሚቀነሰው። ባንኩ የሚልከውን ፎርም 1098 አምጡ። ወደ ቤቱ ለጥገና የነዳችሁበትን ቀንና ማይል ስልካችሁ ላይ ጻፉ፤ ለ2025 ዓመት በማይል 70 ሳንቲም ነበር የሚያዘው። ከክሎዚንግ ወረቀቱ ግን ዓይናችሁን አትንቀሉ። ቤቱን እስክትሸጡ፣ ከዚያም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት ታስፈልጋለች።

ከመፈረማችሁ በፊትና ስትለያዩ

ሥራው ሲያልቅ ፎርም 8879 ይሰጣችኋል። ታክሳችሁ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለአይአርኤስ ይላክ ብላችሁ የምትፈቅዱበት ፊርማ ነው። ሙሉውን ታክስ ሳታዩ አትፈርሙ። ስኬጁል ኢን ክፈቱ። መስመር 18 ላይ ዲፕሪሲዬሽን የሚል አለ። ባዶ ከሆነ እስክሪብቶውን አስቀምጡና ጠይቁ። እኔ አራት ዓመት ባዶ መስመር ፈርሜያለሁ።

አካውንታንት ስትቀይሩ ሁለት ነገር ሳትቀበሉ አትውጡ። አንደኛው የእርጅና ቅናሹ ሙሉ ሰንጠረዥ ነው፤ ቤቱ፣ ጣሪያው፣ ፍሪጁ፣ እያንዳንዱ መቼ እንደተጀመረና እስካሁን ስንት እንደተቀነሰለት የሚያሳየው። ሁለተኛው ፎርም 8582 ነው፤ የተሻገረ ኪሳራ ካላችሁ ያለው እዚያ ላይ ነው። አዲሱ ሰው እነዚህን ካላገኘ ከዜሮ ይጀምራል፣ የተሻገረው ገንዘባችሁም በዚያው ይቀራል። የሦስት ዓመት ሙሉ ታክሳችሁን በፒዲኤፍ ይላክላችሁ። በትህትና ጠይቁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ የልጅቷን ሰንጠረዥ በየዓመቱ አትሜ ከክሎዚንግ ወረቀቱ ጋር በአንድ ማህደር አስቀምጣለሁ። ማህደሩ የት እንዳለ ባለቤቴም ትልቋ ልጃችንም ያውቃሉ።